ስለ አንጎል ጥልቅ ክፍል ስትሮክ
ለመምህራንና ለከተማ ነዋሪዎች የቀረበ የጤና አጠባበቅ ትምህርት

በንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚኖር ሰው የሰፈሩን ስም በየቀኑ ይጠራዋል፤ ስሙ ከምን እንደ ተገኘ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። «ንፋስ ስልክ» ማለት ሽቦ ሳይዘረጋለት መልእክትን በአየር የሚያስተላልፍ መሣሪያ ማለት ሲሆን፥ ስሙ በዚያ አካባቢ ተተክሎ ከነበረው ሽቦ አልባ የቴሌግራም ጣቢያ የመጣ ነው። የሰው አንጎል ግን በንፋስ ስልክ አይሠራም። ከአንጎል ወደ እጅ፥ ወደ እግርና ወደ ምላስ የሚሄደው ትእዛዝ ሁሉ በነርቭ ሽቦ ይጓዛል፤ ሽቦው በአንድ ስፍራ ከተቆረጠ ትእዛዙ ከመንገድ ይቀራል።

ውድ አንባብያን፥ በዚህ ወር የምናቀርበው ትምህርት ይህ ሽቦ በጣም ተጠቃልሎ በሚያልፍበት ስፍራ፥ ማለት በአንጎል ጥልቅ ክፍል፥ ስለሚደርሰው ስትሮክ ነው። ሕዝቡ ይህን ሕመም «ሽባ አደረገው»፥ «ጎኑን መታው» እያለ ይጠራዋል። ሕመሙ በድንገት የሚመጣ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ለብዙ ዓመታት ሲዘጋጅ የቆየ ነው። በዝግጅቱ ዘመን ሊያቆመው የሚችል ሁሉ ሲሆን፥ ከደረሰ በኋላ ግን ሐኪሙም ቢሆን የሚያደርገው የተወሰነ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንባቢው ያንን የዝግጅት ዘመን አውቆ እንዲጠቀምበት ነው።

1ኛ፤ የአንጎል ጥልቅ ክፍል ምንድን ነው?

የአዋቂ ሰው አንጎል 1,400 ግራም ያህል ይመዝናል። ይህም ከመላው ሰውነት ክብደት ከመቶ ሁለት እጅ ብቻ ነው። ነገር ግን ሰውነት በዕረፍት ላይ ሳለ ከሚጠቀምበት ኦክሲጅን ከመቶ 20 እጅ የሚሆነውን የሚወስደው አንጎል ነው። አንጎል ለነገ ብሎ የሚያስቀምጠው ስንቅ የለውም፤ ደም ለጥቂት ደቂቃዎች ሲቋረጥበት ሕዋሳቱ መሞት ይጀምራሉ።

የአንጎል ውጫዊ ክፍል የተጨማደደ ግራጫ ቅርፊት ነው። ሐሳብ፥ ንግግር፥ ማየትና ማቀድ በዚህ ቅርፊት ላይ ሰፊ ስፍራ ተሰጥቷቸዋል። ከቅርፊቱ የሚነሡት የነርቭ ሽቦዎች ወደ ውስጥ እየጠለቁ፥ እየተሰበሰቡ ይሄዳሉ። በመካከለኛው ጥልቅ ስፍራም ሁለት ትላልቅ የነርቭ ጉብታዎች ይገኛሉ። አንደኛው ታላመስ ይባላል፤ ከቆዳ፥ ከዓይንና ከጆሮ የሚመጣው ስሜት ወደ ቅርፊቱ ከመድረሱ በፊት የሚያልፍበት በር ነው። ሁለተኛው ባዛል ጋንግሊያ ይባላል፤ እንቅስቃሴ የተስተካከለ እንዲሆን ይቈጣጠራል። በእነዚህ መካከል ኢንተርናል ካፕሱል የተባለ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ከቅርፊቱ የሚወርዱት የእንቅስቃሴ ሽቦዎች ሁሉ በዚህ መተላለፊያ ተጠቃልለው ያልፋሉ።

ይህን ለመረዳት የከተማን የስልክ መስመር ማሰብ ይበቃል። በአንድ ቤት ደጃፍ ሽቦ ቢበጠስ የሚዘጋው የዚያ ቤት ስልክ ብቻ ነው። ነገር ግን የሰፈሩ ሽቦ ሁሉ ተጠቅልሎ በሚያልፍበት ጕድጓድ ውስጥ የአንድ ጣት ስፋት ያህል ጉዳት ቢደርስ ሰፈሩ በሙሉ ዝም ይላል። በአንጎልም እንዲሁ ነው። በቅርፊቱ ላይ የደረሰ ትንሽ ጉዳት ምናልባት አንድን እጅ ብቻ ያደክም ይሆናል። በጥልቁ መተላለፊያ የደረሰ የምስር ፍሬ የሚያህል ጉዳት ግን ፊትን፥ ክንድንና እግርን በአንድ ጊዜ ሊያስር ይችላል። ሽቦዎቹ ወደ ታች ሲወርዱ ስለሚሻገሩ፥ በግራ በኩል የደረሰው ጉዳት የሚታየው በቀኝ ጎን፥ በቀኝ የደረሰውም በግራ ጎን ነው።

2ኛ፤ ቀጫጭኖቹ የደም ቧንቧዎች ለምን ይጎዳሉ?

ጥልቁን ክፍል የሚመግቡት ደም ቅዳ ቧንቧዎች ውፍረታቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ብዙዎቹ የሚነሡት ቀስ በቀስ እየቀጠነ ከሄደ ቅርንጫፍ አይደለም፤ ከታላቁ ደም ቅዳ ጎን በቀጥታ ወጥተው ወደ ላይ ይገባሉ። በዚህም ምክንያት የታላቁን ቧንቧ ብርቱ ግፊት ሳይበርድ ይቀበላሉ። ከዋናው የውኃ መስመር ላይ ወዲያው የተቀጠለ ቀጭን ቧንቧ ግፊቱ ሲበረታበት ምን እንደሚሆን የቧንቧ ሠራተኛ ሁሉ ያውቃል። ከዚህም በላይ እነዚህ ቧንቧዎች ከጎረቤቶቻቸው ጋር የሚያገናኛቸው በቂ መንገድ የላቸውም። አንዱ ሲዘጋ ሌላው ደም ሊያበድረው አይችልም።

የደም ግፊት ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲኖር የእነዚህ ቧንቧዎች ግድግዳ ይወፍራል፥ ይደርቃል፥ ልስላሴውን ያጣል። የስኳር በሽታና ትምባሆም ይህን ጉዳት ያፋጥናሉ። ከዚህ በኋላ ከሁለት አደጋዎች አንዱ ይደርሳል።

የመጀመሪያው መዘጋት ነው። የወፈረው ግድግዳ የውስጡን ቀዳዳ እያጠበበ ሄዶ ደሙን ያግደዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ትንሽ የአንጎል ክፍል ይሞትና ሲቆይ ጕድጓድ ይሆናል። ይህ ጕድጓድ ስፋቱ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሐኪሞች ላኩን ይሉታል።

ሁለተኛው መፍረስ ነው። የደከመው ግድግዳ ይቀደድና ደም ወደ አንጎል ውስጥ ይፈስሳል። የፈሰሰው ደም በጠባቡ የራስ ቅል ውስጥ ተጠራቅሞ ጤነኛውን አንጎል ይጫናል። ይህ ከመጀመሪያው ይልቅ ገዳይ ነው። እንግዲህ መዘጋትና መፍረስ ተቃራኒ መስለው ቢታዩም፥ በጥልቁ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ የሁለቱም እናት አንዲት ናት፤ እርስዋም ያልታከመች የደም ግፊት ናት።

3ኛ፤ ምርምሩ እንዴት እዚህ ደረሰ?

ሻርኮና ቡሻር የተባሉት የፈረንሳይ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1868 በአንጎል ደም መፍሰስ የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምረው፥ በቀጫጭኖቹ ቧንቧዎች ላይ ጥቃቅን እብጠቶችን እንዳዩ ጻፉ። ፒዬር ማሪ የተባለውም ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1901 ስለ ላኩን ሰፊ ጥናት አቀረበ። ሆኖም ጕድጓዶቹ በሕይወት ያለውን ሰው እንዴት እንደሚያሳምሙ በግልጽ ሳይታወቅ ብዙ ዘመን አለፈ።

ነገሩን ያብራራው ሚለር ፊሸር የተባለ በካናዳ ተወልዶ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ይሠራ የነበረ የነርቭ ሐኪም ነው። ፊሸር ከአንድ ሺህ በላይ የሆኑ የሟቾችን አንጎሎች በጥንቃቄ እየቈረጠ መረመረ፤ በ114ቱ ውስጥ ላኩን አገኘ። ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም በሕይወት ሳሉ የደም ግፊት ሕመምተኞች ነበሩ። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1965 አሳተመ። በዚያው ዘመን ስሜት ሳይጎዳ አንድ ጎን ብቻ የሚሰንፍበትን፥ ጕልበት ሳይጎዳ አንድ ጎን ብቻ የሚደነዝዝበትን፥ እንዲሁም ንግግር ተኮላትፎ አንድ እጅ የሚበላሽበትን የሕመም ዓይነት ለይቶ ገለጸ። ትንሽ ጕድጓድ የትኛውን ሽቦ እንደ ቈረጠ ከሕመምተኛው ሁኔታ ማንበብ የተቻለው ከዚህ በኋላ ነው።

እስከዚያ ድረስ ሐኪም የራስ ቅልን ሳይከፍት የፈሰሰውን ደም ለይቶ ማየት አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 በለንደን ጎድፍሪ ሃውንስፊልድ የሠራው ሲቲ ስካን የተባለው የራጅ መሣሪያ በሕመምተኛ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞከር ይህ ችግር ተወገደ። ሃውንስፊልድ እ.ኤ.አ. በ1979 ከአለን ኮርማክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ዛሬ ሐኪሙ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ቧንቧው ፈርሶ እንደ ሆነ ያውቃል፤ ይህን ማወቅም ለሕክምናው የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

4ኛ፤ በአገራችን የታየው

ይህ ሕመም ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ በመጨረሻዎቹ የዘመነ መንግሥታቸው ዓመታት በተደጋጋሚ ታመሙ፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ሕመሙን ስትሮክ ይሉታል። በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ፥ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደውን እንደራሴ አደረጉ። በ1902 ዓ.ም. ጥቅምት ወር የደረሰባቸው ከባድ ሕመም ሰውነታቸውን ሽባ አድርጎ አንደበታቸውን ዘጋ። ከዚያም ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ከአራት ዓመት በላይ አልጋ ላይ ቆዩ። በእነዚያ ዓመታት ቤተ መንግሥቱ በውስጥ ሽኩቻ ተናወጠ፤ እንደራሴው ራስ ተሰማም በ1903 ዓ.ም. ቀድመው ሞቱ። አንድ የደም ቧንቧ መንግሥትን ይህን ያህል ካናወጠ፥ አንዱን አባወራ ወይም አንዲቱን እናት ሲመታ በቤተ ሰቡ ላይ የሚያደርሰውን መገመት አያስቸግርም።

በዚያን ዘመን ሐኪሞች ለንጉሠ ነገሥቱ ሊያደርጉ የሚችሉት ጥቂት ነበር። በክንድ ላይ የሚታሠረውን የግፊት መለኪያ ሪቫ ሮቺ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው፤ ኮሮትኮፍ የተባለው የሩሲያ ሐኪም በጆሮ እየሰሙ መለካትን ያስተማረው በ1905 ነው። ግፊትን ያለ ብዙ ጉዳት የሚቀንስ ለሰፊው ሕዝብ የሚሆን ክኒን መሰጠት የጀመረው ደግሞ በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ለንጉሠ ነገሥት ያልተገኘው መድኃኒት ዛሬ በሰፈር ጤና ጣቢያ ለተራው ሰው ይታዘዛል። ይህን ዕድል አለመጠቀም የሚያሳዝን ነገር ነው።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ፥ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ገጠር ቤት ለቤት እየዞሩ 60,820 ሕዝብ ስለ ነርቭ ሕመሞች መርምረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው በዚህ ጥናት በስትሮክ ጎናቸው ሽባ ሆኖ የተገኙት ከ100,000 ሰው 15 ያህል ነበሩ። ቍጥሩ ትንሽ ቢመስልም በማስተዋል ሊነበብ ይገባል። ቤት ለቤት በሚደረግ ቆጠራ የሚገኙት ከሕመሙ ተርፈው በሕይወት ያሉት ብቻ ናቸው፤ የሞቱት አይቈጠሩም። የገጠሩ ሕዝብም አብዛኛው ወጣት ነበር፤ ስትሮክ ደግሞ ዕድሜ ሲገፋ ይበዛል።

ከዚያ ወዲህ ኑሮ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2015 በመላ አገሪቱ በተደረገው ስለ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥናት፥ ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች ከመቶ 16 የሚሆኑት ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። በዚያው ጥናት አንድ ሰው በቀን የሚመገበው ጨው በአማካይ ከ8 ግራም በላይ ሆኖ ተገምቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ግን ከ5 ግራም በታች ነው። በጥቁር አንበሳና በሌሎች ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶችም በስትሮክ ከተኙት ሕመምተኞች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ምክንያት የደም ግፊት መሆኑን ያሳያሉ። ከዚህም ጋር በአውሮፓ የደም መፍሰሱ ዓይነት ከመቶ 10 እስከ 15 ሲሆን፥ በአገራችን በብዙ የሆስፒታል ጥናቶች ወደ ግማሽ የተጠጋ ድርሻ ይዞ ይገኛል። ይህም የሆነበት አንዱ ምክንያት ቀላሉ ሕመምተኛ በቤቱ ስለሚቀር ነው፤ ሌላው ግን የደም ግፊት ሳይታወቅና ሳይታከም ብዙ ዘመን ስለሚኖር ነው።

5ኛ፤ ምልክቶቹ

አንድ መምህር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ጠመኔው ከእጁ ወደቀ እንበል። ጎንበስ ብሎ ሊያነሣው ሲል ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት፤ ተማሪዎቹን ሊያናግር ሲል ቃሉ ተኮላተፈ። ምንም ሕመም አልተሰማውም፤ አእምሮውም አልሳተም። ይህ በጥልቁ ክፍል የሚደርስ መዘጋት የተለመደ መልኩ ነው። ሕመም ስለሌለው ብዙ ሰው «ትንሽ ልተኛና ይለቀኛል» ይላል፤ አደጋውም በዚህ አባባል ላይ ነው።

ስለዚህ ማንኛውም ሰው የሚከተሉትን ሦስት ፈተናዎች በቃሉ ሊይዝ ይገባዋል።

ፊት፤ ሰውየው ፈገግ ይበል። የአፉ አንድ ጎን ይወርዳልን?
ክንድ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ሁለቱን ክንዶች ወደ ፊት ይዘርጋ። አንዱ ክንድ ይወርዳልን?
ንግግር፤ አንድ ቀላል ዐረፍተ ነገር ይድገም። ቃሉ ይኮላተፋልን? ወይስ ይጠፋዋልን?

ከሦስቱ አንዱ በድንገት ከታየ ስትሮክ ነው ብሎ መነሣት ይገባል። እንዲሁም የአንድ ጎን ድንገተኛ ድንዛዜ፥ የእርምጃ መንገዳገድና የዓይን ብርሃን መቀነስ ከምልክቶቹ ይቈጠራሉ። ብርቱ ራስ ምታት፥ ትውከትና ራስን መሳት ሲጨመሩ ደም መፍሰሱን ያስጠረጥራሉ። ነገር ግን መዘጋቱን ከመፍሰሱ በዓይን ብቻ መለየት ለሐኪምም አይቻልም፤ የሚለየው ሲቲ ስካን ነው።

ምልክቱ መጥቶ በጥቂት ደቂቃዎች ቢጠፋም መዘናጋት አይገባም። ይህ ከባዱ ስትሮክ በቅርብ ቀን ሊከተል እንደሚችል የሚያስታውቅ ደወል ነውና በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ደግሞም ምንም ምልክት ሳያሳዩ የሚከማቹ ላኩኖች አሉ። እነዚህ እየበዙ ሲሄዱ ሽማግሌው እርምጃው ያጥራል፥ ሐሳቡ ይዘገያል፥ ትዝታው ይደክማል። «እርጅና ነው» ተብሎ የሚታለፈው ብዙ ጊዜ ለዓመታት ያልታከመ የደም ግፊት ሥራ ነው።

6ኛ፤ ምን ይደረግ? ምንስ አይደረግ?

ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ጽፎ መያዝ የመጀመሪያው ተግባር ነው። በረጋ ደም የተዘጋውን ቧንቧ የሚከፍተው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ እርሱም ሲቲ ስካን ደም አለመፍሰሱን ካረጋገጠ በኋላ ነው። ይህ ሕክምና በሁሉም ስፍራ አይገኝም፤ ሆኖም ሕመምተኛው ቶሎ ሲደርስ ከሌላውም ሕክምና የበለጠ ይጠቀማል። በአዲስ አበባ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 መጥራት ይቻላል፤ አምቡላንስ ከዘገየ በተገኘው መኪና መሄድ ነው። ከሳሪስም ሆነ ከጀሞ፥ ከመካኒሳም ሆነ ከለቡ የሚነሣ ሰው ሲቲ ስካን ያለበትን ሆስፒታል አስቀድሞ ጠይቆ ቢያውቅ በአደጋው ቀን በፍለጋ ሰዓት አያባክንም።

ሕመምተኛው ራሱን ከሳተ በጎኑ ይተኛ። የሚበላና የሚጠጣ ነገር፥ ውኃም ቢሆን፥ በአፉ አይሰጠው፤ ጕሮሮው ደክሞ ከሆነ ወደ ሳንባው ይገባልና። አስፕሪን በቤት አይሰጠው፤ ደም እየፈሰሰ ከሆነ አስፕሪን ይጎዳዋል። የሌላ ሰው የግፊት ክኒንም አይሰጠው፤ ግፊትን በልክ የሚያወርደው ሐኪሙ ነው። ዋግምት ማድረግ፥ ቆዳ መብጣት፥ የሰነፈውን እጅ አጥብቆ መጐተት ጥቅም የላቸውም፤ ጉዳት ግን አላቸው።

ሕዝባችን እንዲህ ያለውን ሕመም ለምች፥ ለጋኔን ወይም ለሰው ዓይን ይሰጠዋል። ጸሎትና ጸበል የእምነት ጉዳይ ናቸው፤ ከሐኪም ቤትም ጋር ጠብ የላቸውም። የሚጎዳው ሰዓቱን ማሳለፍ ነው። ሕመምተኛው መጀመሪያ ሐኪም ቤት ይድረስ፤ ጸሎቱ በመንገድም በአልጋም አጠገብ ሊደረግለት ይችላል።

7ኛ፤ ሕክምናው እስከ ምን ይረዳል?

በጥልቁ ክፍል የፈሰሰውን ደም በቀዶ ሕክምና ማውጣት የብዙ ሐኪሞች ተስፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመውና 1,033 ሕመምተኞች የተሳተፉበት የብዙ አገሮች ጥናት ግን፥ ቶሎ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው በአጠቃላይ ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት እንዳላገኙ አሳየ። ምክንያቱን ማስተዋል አያዳግትም፤ ወደ ጥልቁ ለመድረስ በጤነኛው አንጎል ማለፍ ግድ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ሌላ ጥናት ታተመ። በዚህ ጥናት ደሙን ሳያወጡ የራስ ቅልን አጥንት በከፊል አንሥተው ላበጠው አንጎል ስፍራ ሰጡት። ከባድ የጥልቅ ክፍል ደም መፍሰስ ካገኛቸው ሰዎች፥ ይህ ከተደረገላቸው ከመቶ 44፥ ካልተደረገላቸው ደግሞ ከመቶ 58 ሞቱ ወይም ፍጹም የሌላ ሰው ጥገኛ ሆኑ። ልዩነቱ ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ ነገር ግን እርግጠኛ ማስረጃ ለመባል ጥቂት ጎድሎታል፤ ከተረፉትም ብዙዎቹ ከባድ ጉዳት ይዘው ይኖራሉ።

ከዚህ ይልቅ ለእኛ አገር የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ጥናት ነው። ከ7,000 በላይ ሕመምተኞች በተሳተፉበት በዚህ ጥናት፥ አብዛኞቹ ሆስፒታሎች የሚገኙት ሀብታቸው መካከለኛና ዝቅተኛ በሆኑ አገሮች ነበር። ግፊትን በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ140 በታች ለማውረድ መጣር፥ ስኳርንና ትኵሳትን መቈጣጠር፥ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዱ ለነበሩት ማርከሻ መስጠት፥ እነዚህ በአንድነት ሲፈጸሙ ሞትና የአካል ጉዳት ቀነሰ። እንግዲህ ከትልቁ ቢላዋ ይልቅ የነርስዋ ትጋት የበለጠ እንደ ጠቀመ ልብ ማለት ይገባል።

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላም ሥራው አያልቅም። አንጎል የሞተውን ሽቦ አይቀጥልም፤ ነገር ግን ጤነኛው ክፍል የጠፋውን ሥራ በልምምድ ሊማር ይችላል። ስለዚህ የሰነፈውን እጅና እግር በየቀኑ በሥርዓት ማሠራት፥ ሕመምተኛውን ቶሎ ማስቀመጥና ማቆም፥ ማናገርና ማበረታታት ያስፈልጋል። በአልጋ ላይ አስተኝቶ ሁሉን ነገር ማድረግለት ፍቅር ቢመስልም ማዳከም ነው።

8ኛ፤ መከላከያው

የደም ግፊት ሕመም አይሰማም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደ ተባለው ሁሉ፥ ይህ በሽታ ራሱን ከባለቤቱ ስለሚደብቅ የሚገለጠው በመለካት ብቻ ነው። ከ30 ዓመት በላይ የሆነው ሰው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ በጤና ጣቢያ ይለካ። ሲለኩም አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ማረፍ፥ ከመለካት በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡናና ሲጋራ አለመውሰድ፥ ክንድን በልብ ትክክል ማሳረፍ ያስፈልጋል። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ የላይኛው ቍጥር 140፥ ወይም የታችኛው 90፥ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ክኒን የታዘዘለት ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ አያቋርጥ። «ግፊቴ ስለ ወረደ መድኃኒቱን ተውሁት» የሚል ሰው፥ ዝናቡ ስላልነካኝ ጃንጥላዬን በዝናብ መካከል ጣልሁት እንደሚል ሰው ነው፤ ግፊቱን ያወረደው ክኒኑ ራሱ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት፥ ቀደም ሲል ስትሮክ ወይም አላፊ ምልክት ያገኛቸው 6,105 ሰዎች ለአራት ዓመት ያህል ተከታትለው ታዩ። የግፊት መድኃኒት ካልተሰጣቸው ከመቶ 14፥ ከተሰጣቸው ግን ከመቶ 10 ስትሮክ ደረሰባቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመውና 3,020 የላኩን ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናትም፥ የላይኛውን ቍጥር ከ130 በታች ለማድረግ የተጣረላቸው ሰዎች ላይ የአንጎል ደም መፍሰስ ከግማሽ በላይ እንደ ቀነሰ አሳየ። በዚያው ጥናት በአስፕሪን ላይ ሌላ ደም አቅጣኝ ለረጅም ጊዜ መጨመር ግን ደም መፍሰስን ከማብዛት በቀር ሌላ ስትሮክን አልቀነሰም። መድኃኒት ስለ በዛ አይሻልም፤ የሚሻለው ተገቢው መድኃኒት በየቀኑ ሲወሰድ ነው።

ጨው በአገራችን አሞሌ ተብሎ እንደ ገንዘብ የተከበረ ነበር። አሁን ግን በርበሬው፥ ሽሮውና ወጡ ውስጥ እየተደራረበ ከሚገባው በላይ ይበላል። ለአንድ ሰው የቀን ልክ፥ በምግቡ ውስጥ ያለው ሁሉ ተቈጥሮ፥ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። በገበታ ላይ ጨው አለማቅረብ ጥሩ ጅማሬ ነው፤ የሚገዛው ጨው ግን አዮዲን ያለበት ይሁን። ትምባሆን መተው፥ አረቄንና ሌላውንም የአልኮል መጠጥ መቀነስ፥ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጠን ብሎ መራመድ፥ ጎመንና ጥራጥሬ አዘውትሮ መብላት፥ ስኳርንም ማስመርመር ከመከላከያው ይቈጠራሉ።

9ኛ፤ ለመምህራን

መምህራን ይህን ትምህርት ለተማሪዎች ሲያስተምሩ እያንዳንዱ ልጅ አንድ የቤት ሥራ ይዞ እንዲሄድ ያድርጉ፤ የቤት ሥራውም አባቱን፥ እናቱንና አያቶቹን «የደም ግፊትዎን የተለኩት መቼ ነው?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ጽፎ ማምጣት ነው። «ተለክቼ አላውቅም» የሚለው መልስ ስንት እንደ ሆነ በሰሌዳ ላይ ሲደመር ትምህርቱ ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ ቤት ይገባል። ከዚያም የሚከተሉት ጥያቄዎች ይጠየቁ።

በጥልቁ የአንጎል ክፍል የደረሰ ትንሽ ጉዳት ትልቅ ሽባነት የሚያመጣው ለምንድን ነው?
የደም ቧንቧ መዘጋትና መፍረስ ከአንድ ምክንያት የሚመጡት እንዴት ነው?
ሦስቱ ፈተናዎች የትኞቹ ናቸው? ከእነርሱ አንዱ ቢታይ ምን ታደርጋለህ? ምንስ አታደርግም?
መድኃኒቱን «ተሽሎኛል» ብሎ ለተወ ጎረቤት ምን ብለህ ትመክረዋለህ?

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገራችን ሰው። ቅጠሉ በእጃችን ነው፤ እርሱም ጥቂት ደቂቃ የሚወስደው መለካት፥ በየቀኑ የሚዋጠው ክኒንና ከወጡ ላይ የሚቀነሰው ጨው ነው። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሁሉ በዚህ ሳምንት ራሱን ያስለካ፤ ካነበበላቸውም ሰዎች አንዱን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።